በር የሌለው ሱቅና የገንዘቡ ጥበቃ

የቀድሞ የጎጃም ነጋዴ ገንዘብ ሲቀበል ይመረምር ነበር። በባሶ ገበያ ከዓባይ ማዶ ከመጣ ሲራራ ነጋዴ ጋር ተዋውሎ ዕቃውን የሸጠ ሰው የማርያ ቴሬዛውን ብር በመዳፉ ላይ አኑሮ፥ የንግሥቲቱን የራስ ጌጥና የትከሻዋን ፈርጥ ነጥቦች ሳይቈጥር፥ ጠርዙንም በጣቱ ሳይዳስስ በከረጢቱ አይከተውም ነበር። ብሩ በየትኛውም ዓመት ይመታ በላዩ የተቀረጸው ዘመን 1780 ነውና ዓመቱን አይቶ መለየት አይቻልም፤ ስለዚህ የሰው ዓይን የሚያርፈው በነጥቡ ላይ ነበር። ገንዘቡ አሞሌ ጨው የሆነበት ሰው ደግሞ ሌላ ሥጋት ነበረበት፤ ዝናብ ያገኘው እንደ ሆነ ሀብቱ ከጭነቱ ላይ ሟምቶ ይቀራልና።

ይህን ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ በደብረ ማርቆስ ከተማ ብዙ ወጣቶች፥ ይልቁንም ሴቶች ልጆቻችን፥ በር በሌለው ሱቅ ይነግዳሉ። መደርደሪያው በስልክ መስተዋት ላይ ነው፤ ገዢውና ሻጩ ዓይን ለዓይን አይተያዩም፤ ክፍያው በእጅ አይዳሰስም፤ ነጥቡም አይቈጠርም። ታዲያ ይህን የድካም ዋጋ የሚጠብቁት በምን ዓይነት ጥበብ ነው? ሱቃቸውንስ በየጊዜው የሚያሻሽሉት እንዴት ነው? ይህ ጥያቄ በቤቴ ለብዙ ጊዜ ሲነሣ ሲወድቅ ስለ ቈየ፥ ከዚያ ያገኘሁትን ለአንባቢዎቼ ማካፈል መልካም መስሎ ታየኝ። ልጆች ያሏችሁ ወላጆች ሁሉ አንድ ቀን ይህንኑ ጥያቄ በገበታ ዙሪያ መስማታችሁ አይቀርምና።

የእኅቴ ልጅ ያደገችው በእኔ ቤት ነው። የሒሳብ አያያዝ ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ ስትጠብቅ ሁለት ክረምት አለፈባት። ባለቤቴ ጥጥ ፈታይ ናት፤ ልጅቱም ከእርስዋ ጋር ተማክራ በ2013 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ ከሰፈራችን ሸማኔዎች ጋቢና ነጠላ፥ ጥበብ ያለበትም ቀሚስ እያስሠራች፥ ሥራውን በስልኳ ፎቶግራፍ እያነሣች በፌስቡክና በቴሌግራም መሸጥ ጀመረች። ጊዜው ለእንዲህ ያለው ንግድ የተመቸ ነበር። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብር የተባለውን የስልክ ገንዘብ ሥራ ላይ ያዋለው ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ነውና፥ አዲስ አበባ ያለች ገዢ ከቤቷ ሳትወጣ ትከፍላለች፤ ጋቢውም በማለዳው አውቶቡስ ዓባይን ተሻግሮ፥ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ይደርሳታል። በዓመቱ መጨረሻ የቤታችን የዘይትና የስኳር ወጪ ከዚያ ንግድ ይሸፈን ጀመር። ለአንድ መምህር ቤት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ነገር ግን ሱቁ የተሠራው በሰው ስም ነበር። ገጹን የከፈተላት ስለ ስልክና ስለ ኮምፒውተር የሚያውቅ የሰፈር ልጅ ሲሆን፥ ሲከፍተውም የራሱን የስልክ ቁጥርና የራሱን የኢሜይል አድራሻ አስገብቶ ነበር። በቅንነት ያደረገው ይመስለኛል፤ በዚያን ጊዜ ገጹ ምንም ዋጋ አልነበረውምና። ዋጋ ያገኘው በኋላ ነው። ተከታዮቹ ሲበዙ፥ ሽያጩም ሲሰምር ልጁ ከትርፉ ድርሻ ጠየቀ፤ በዋጋው ሳይስማሙ ቀሩ፤ በ2015 ዓ.ም. መግቢያ ላይ አንድ ማለዳ ልጅቱ ስልኳን ብትከፍት የይለፍ ቃሉ ተለውጦ አገኘችው። ከዚህ የከፋው ደግሞ ገጹ ንግዱን አለማቆሙ ነው። እርስዋ ባነሣችው ፎቶግራፍ፥ እርስዋ በጻፈችው ቃል፥ ሌላ ሰው ቀብድ ይቀበል ነበር። ቀብድ የከፈሉት ሰዎች ጋቢያቸው ሲዘገይ የሚደውሉት ግን ለእርስዋ ነው።

ነገሩ ለሽማግሌ ቀረበ። ሦስት የተከበሩ አባቶች ተቀመጡ፤ ከመካከላቸው ታላቁ ጥቂት አዳመጡና «ልጄ፥ ይህ ገጽ የምትሉት ነገር የት ነው ያለው? ይምጣና እንየው» አሉ። ስልኩ ቀረበላቸው፤ አገላብጠው ተመለከቱትና «ይህማ ስልክ ነው፤ ስልኩ የእርስዋ ከሆነ ምን ያከራክራል?» ብለው መለሱት። እኔም በመምህርነት ልማድ ምሳሌ ፈለግሁ፤ «አባቴ፥ በሌላ ሰው ስም በተመራ ቦታ ላይ ቤት እንደ ሠራ ሰው ያስቡት፤ ድንጋዩም ጉልበቱም የእርስዋ ነው፤ ካርታው ግን በእርሱ ስም ነው» አልኋቸው። ወዲያው ገባቸው። እንዲያውም ከእኔ አስቀድመው «እንግዲያማ ከባድ ነው» አሉ። ልጁ በሽማግሎቹ ፊት የተቀበለውን ቀብድ ለመመለስ ተስማማ፤ ገጹን ግን ከዚያ በፊት ለሌላ ነጋዴ ሸጦት ኖሮአል። ልጅቱ ከአንድ ዓመት በላይ የደከመችበት ሥራ በዚሁ ሄደ። በዚያው ወር ቀብዳቸው እጇ ላይ ላልደረሰ ሦስት ሰዎች ጋቢያቸውን ከራሷ ገንዘብ አሠርታ ላከችላቸው። አክስቷ ተቈጥታ ነበር፤ እኔ ግን ዝም አልሁ፤ ስሟ በዚያ ጋቢ ላይ እንዳለ ልጅቱ አውቃ ነበርና።

ያዳናት የወረቀት መዝገብ ነው። በተማረችው ሙያ መሠረት ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ የገዢውን ስም፥ የስልክ ቁጥር፥ ያዘዘውን ዓይነትና ልክ፥ የተከፈለውንና የቀረውን ሒሳብ በአንድ ሰፊ ደብተር ላይ ትጽፍ ነበር። ገጹ ሲወሰድ ደንበኞቹ አልተወሰዱም፤ አንድ በአንድ እየደወለች አዲሱን አድራሻ ነገረቻቸው። ይኸው ደብተር ከአንድ ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሁለተኛ ሥራ ሠራ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ፥ በዚያው ሰሞን በአማራ ክልል የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ መቋረጡም ለብዙ ወራት ቈየ። በዚያ ጊዜ በዚህ ከተማ በመረብ ይነግዱ ከነበሩት ወጣቶች ስንቶቹ እንደ ተበተኑ የምናውቅ እናውቀዋለን። የእኅቴ ልጅ ግን ደብተሩን ገልጣ ጥሪ በሚሠራበት ሰዓት ትደውላለች፤ መንገድ በተከፈተም ጊዜ ትልካለች፤ ክፍያውንም ኢንተርኔት በማይጠይቀው በ*127# በኩል ታያለች። ሽያጩ እጅግ አነሰ፤ አልሞተም ግን።

ወደ ገንዘቡ ልመለስ። በአሁኑ ዘመን ያለ ሐሰተኛ ብር በወረቀት ላይ የሚታተመው ብቻ አይደለም። ገዢ ነኝ ባይ ሰው «ከፍያለሁ» ብሎ የባንክ ደረሰኝ ስክሪንሾት ይልካል፤ ምስሉ የባንኩ ዓርማ አለው፥ ስሟ አለበት፥ ቁጥሩም ልክ ነው፤ ይሁን እንጂ ገንዘቡ የለም። በስልክ ላይ ባለ ትንሽ ፕሮግራም የቀድሞ ደረሰኝ ቁጥሩንና ቀኑን ለውጦ መሥራት የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ሌላው ደግሞ የባንክ መልእክት የሚመስል አጭር ጽሑፍ ከተራ ስልክ ቁጥር ይልካል፤ ሻጩ በችኮላ ቃሉን ያነብና ላኪውን ሳያይ ዕቃውን ለሾፌር ያስረክባል። ስለዚህ በቤታችን የቆመው ሥርዓት እንዲህ የሚል ነው፤ ገዢው የላከው ምስል ምስክር አይሆንም፥ ምስክሩ የራስ ሒሳብ ነው። ልጅቱ ሒሳቧን ራሷ ከፍታ ገንዘቡ ገብቶ ሳታይ ጋቢው ከቤት አይወጣም። ገዢው ቢቸኩልም፥ ቢቈጣም፥ «አታምኚኝም ወይ?» ቢልም አይወጣም። የባሶው ነጋዴ ነጥብ ሲቈጥር የቀረበለትን ሰው ሁሉ መናቁ እንዳልነበረ እገምታለሁ።

ከዚህም የሚበልጠው አደጋ በገዛ አንደበት የሚመጣው ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስልክ ተደወለላት፤ ደዋዩ ትሑት ድምፅ ያለው፥ ስሟንም የሚጠራ ሰው ነበር፤ ከገንዘብ አስተላላፊው መሥሪያ ቤት እንደ ሆነና ሒሳቧ እንዳይዘጋ አሁን በስልኳ የሚደርሳትን ባለ ስድስት አኀዝ ቁጥር እንድትነግረው ለመናት። ቁጥሩ በእርግጥ ደረሰ። እርስዋም «አጎቴን ልጠይቅና እደውላለሁ» ብላ ዘጋችው። ሰውየው ደግሞ አልደወለም። ያ ቁጥር የሱቁ ቁልፍ ነው፤ ማናቸውም እውነተኛ መሥሪያ ቤት ቁልፍህን አምጣ ብሎ አይደውልም። ለዚህም ሲባል በገጿም በኢሜይሏም ላይ ሁለት ደረጃ ያለው ማረጋገጫ አስገብታለች፤ ይኸውም የይለፍ ቃሉን የሰረቀ ሰው እንኳ በእጇ ያለውን ስልክ ሳይዝ እንዳይገባ የሚከለክል ነው። የመጠባበቂያ ቁጥሮቹን በወረቀት ጽፋ ባለቤቴ ከሣጥኗ ሥር አኑራቸዋለች። ሣጥኑ ውስጥ የጋብቻ የምስክር ወረቀታችንም አለ፤ ጥሩ ጎረቤት አግኝተዋል።

ገንዘብን ሁሉ በአንድ ቦታ አለማኖርም ሌላው ነገር ነው። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ለ7 አጥቢያ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ላይ በተፈጠረ ብልሽት ደንበኞች በሒሳባቸው ከነበራቸው በላይ ገንዘብ አወጡ፤ ባንኩ በኋላ በገለጸው መሠረት ያለ አግባብ የወጣው ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ ነበር፤ አብዛኛውንም አስመልሶአል። አገልግሎቱ ለሰዓታት ተቋርጦ ነበርና በዚያ ቅዳሜ የሸማኔ ክፍያ የነበረበት ሰው ገንዘቡን እያየ ሊያወጣው አልቻለም። ባንኩን ለመንቀፍ አይደለም የምጽፈው፤ የማይሰበር ዕቃ የለም። ነገር ግን ለሸማኔ የሚከፈለው በአንድ ባንክ፥ የሱቁ ማንቀሳቀሻ በሌላ ባንክ፥ ለሳምንት የሚበቃው ብቻ በስልክ፥ ጥቂትም በጥሬው በቤት ሲሆን አንዱ ቢዘጋ ሌላው ይከፈታል። በስልክ ያለው ገንዘብ ማታ ማታ ወደ ባንክ ይገባል። በ2013 ዓ.ም. በወጣ ደንብ የተቋቋመው የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ ባንክ ቢወድቅ ለአንድ አስቀማጭ እስከ 100,000 ብር ድረስ የሚከፍል መሆኑን ብዙ ቤተ ሰብ አያውቅም፤ ማወቁ ግን ይጠቅማል።

የሱቁን ገንዘብ ከቤቱ ገንዘብ መለየት ይከብዳል፤ በተለይ በእኛ አገር። የዘመድ ልቅሶ ይመጣል፥ የጎረቤት ሠርግ ይመጣል፥ ዕቁብ አለ፤ በስልክ ያለው ገንዘብ ደግሞ ቅርብ ነው። ልጅቱ ለራሷ ደመወዝ ቈርጣ በወሩ መጨረሻ ትወስዳለች፤ ከዚያ በቀር ብድር የሚጠይቃትን ሁሉ «ጋሼን ጠይቁልኝ» ትላለች። በዚህ ምክንያት በዘመዶቻችን ዘንድ ቈንቋና የሚል ስም ያተረፍሁት እኔ ነኝ። ይሁን፤ ስሙ እኔ ላይ ቢቀመጥ ይሻላል።

የብር ዋጋም እንዲሁ ጠባቂ ይፈልጋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ ተመን በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ዕለት አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ወደ 74 ብር ገደማ ወጣ፤ ከዚያም በኋላ ጨመረ። ቀለም ያለው ክር ከውጭ የሚመጣ ነውና ዋጋው ተከትሎ ወጣ። ከአንድ ወር በፊት በገጹ ላይ በተጻፈው ዋጋ ያዘዙ ሰዎች ነበሩ፤ በዚያው ዋጋ ብትሰጣቸው በእያንዳንዱ ቀሚስ ትከስር ነበር። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ከእያንዳንዱ ዋጋ ሥር «ይህ ዋጋ የሚጸናው እስከዚህ ቀን ነው» የሚል መስመር አለ። ግማሹም በቀብድ መልክ አስቀድሞ ይከፈላል፤ ክሩ በዚያው ቀን ይገዛበታል። ገንዘብ በመደርደሪያ ሲቈይ ይሟሟል፤ አሞሌው በዝናብ፥ ብሩ በተመን።

አሁን ስለ ገጹ መሻሻል። ከሁለት ዓመት ትግል በኋላ ልጅቱ የራሷ ስም ያለው ድረ ገጽ አቆመች። የስሙን ኪራይ ለመክፈል የውጭ ምንዛሬ ካርድ ያስፈልግ ስለ ነበር ውጭ አገር ያለ ዘመድ ከፈለላት፤ እዚህ ላይ ግን ተጠንቅቀናል። ካርዱ የእርሱ ይሁን እንጂ ባለቤት ተብሎ የተመዘገበው የእርስዋ ስምና የእርስዋ ኢሜይል ነው። የአድራሻ ስም የሚከራየው ለዓመት ወይም ለዓመታት ሲሆን፥ ቀኑ አልፎ ጥቂት የምሕረት ቀናት ካለቁ በኋላ ማንም ሌላ ሰው ሊወስደው ይችላል፤ እንግዲህ ከእነዚያ የምሕረት ቀናት በኋላ ልመና የለም። በአድራሻው ፊት ያለችው የቁልፍ ምልክትም፥ ማለትም በገዢውና በገጹ መካከል የሚያልፈው ቃል በመንገድ እንዳይነበብ የሚያደርገው ምስክር ወረቀት፥ ዛሬ በነጻ ይገኛል፤ ለእርሱ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ካለ ሌላ ሰው ጠይቁ።

ገጹ መጀመሪያ ሲሠራ ያማረ ነበር፤ የሚከፍተው ግን አልነበረም። ሃያ ፎቶግራፎች ነበሩበት፤ እያንዳንዳቸው 4 ሜጋባይት ያህል። ይህ ማለት አንዲት ገዢ በዝግታ መረብ ላይ 80 ሜጋባይት ካላወረደች ጋቢውን አታይም ማለት ነው፤ ዳታውም በገንዘብ የሚገዛ ነው። ፎቶግራፎቹ እያንዳንዳቸው ወደ 150 ኪሎባይት ሲያንሱ ሁሉም ተደምረው 3 ሜጋባይት ሆኑ፤ በስልክ መስተዋት ላይ ልዩነቱን የሚያውቅ ዓይን እስካሁን አልገጠመኝም። በአንጻሩ ደግሞ የእኛ ፊደል በኮምፒውተር ውስጥ እያንዳንዱ ሦስት ባይት ብቻ ስለሚይዝ በአንድ ትንሽ ፎቶግራፍ ቦታ 50,000 ፊደል ይጻፋል። ስለዚህ የልብሱን ልክ፥ ክብደት፥ የፈትሉን ዓይነት በምስሉ ላይ ከመሳል በቃል መጻፍ ይሻላል፤ በምስል ላይ የተሳለውን ጽሑፍ የመፈለጊያው መሣሪያ በሚገባ አያነበውምና።

ነጭ ልብስ ፎቶግራፍ ለማንሣት አስቸጋሪ ነው። ካሜራው ነጩን ሁሉ ወደ ግራጫ ይጎትተዋል፤ በቀትር ፀሐይ ደግሞ የጥበቡ ቀለም ይጠፋል። ብዙ ከሞከረች በኋላ ያገኘችው ዘዴ ጋቢውን ጠዋት ከበራፉ ጥላ ሥር፥ በጥቁር ቡኒ በርኖስ ላይ ዘርግቶ፥ የስልኩን ብርሃን ጥቂት ከፍ አድርጎ ማንሣት ነው። በርኖሱ የእኔ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ብርድ ነውና ስለዚህ ነገር ብናገር አይፈረድብኝም፤ ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት።

ስለ ዋጋ ስውርነት ግን ሳልናገር አላልፍም። በአገራችን የመረብ ሻጮች ሁሉ «ዋጋውን በውስጥ መስመር» የሚሉት ነገር አለ። ይህ ምን ዓይነት ልማድ ነው? ገዢዋ ዋጋውን ለማወቅ ደብዳቤ መጻፍ አለባት፤ ሻጩ ተኝቶ ከሆነ ትጠብቃለች፤ ስትጠብቅ ወደ ሌላ ትሄዳለች። ልጅቱ ዋጋውን በግልጽ ከጻፈች ወዲህ የሚደውልላት ሰው ቍጥር ቢቀንስም የሚደውለው ሊገዛ የወሰነ ሰው ነው። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012ም ሻጩ ማንነቱንና ዋጋውን ለገዢው እንዲገልጥ ይፈልጋል፤ በኤሌክትሮኒክ መንገድ የተለዋወጡትንም መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ይሰጠዋል። ስለዚህ ከገዢ ጋር የተጻጻፈችውን አትደመስስም።

በመጨረሻ የገጠመን ነገር ለእኔ ለፊደል አስተማሪው መራራ ነበር። ልጅቱ በእኔ ምክር በገጹ ላይ «የሠርግ ልብስ»፥ «የሐር ጥለት» ብላ በንጉሡ ሠና በሐመሩ ሐ በትክክል ጽፋ ነበር። ገዢው ግን በስልኩ «የሰርግ ልብስ»፥ «የሀር ጥለት» ብሎ ይፈልጋል፤ መሣሪያውም ሁለቱን ቃላት እንደ ተለያዩ ቃላት ይቈጥራቸውና «አልተገኘም» ይላል። ዕቃው በመደርደሪያው ላይ ተቀምጦ ገዢው ባዶ እጁን ይመለሳል። አክስቷ «ሰዎቹ እንደሚጽፉት ጻፊ» ስትል፥ እኔ ደግሞ «ፊደሉ ይበላሻል» ስል፥ ሁለት ምሽት ተከራከርን። ኋላ አንድ ተማሪ መፍትሔ አመጣ፤ በገጹ ላይ የሚታየው በትክክለኛው ፊደል ይቀራል፤ ከበስተጀርባ ያለው ፍለጋ ግን ሠን እንደ ሰ፥ ሐንና ኀን እንደ ሀ፥ ዐን እንደ አ፥ ፀን እንደ ጸ አድርጎ ያነባል። አሥር መስመር የማይሞላ ሥራ ነው። ገዢ ተፈታኝ አይደለምና ፊደል ስቶ በመጻፉ ነጠላ አይከለከልም።

አሁን ገጹ በየሳምንቱ በፍላሽ ላይ ይገለበጣል፤ ደብተሩም ሁለተኛ ቅጽ ላይ ደርሶአል። የአድራሻው ኪራይ የሚታደስበት ቀን በኅዳር ስለሆነ በመጀመሪያው ቅጠል ላይ በቀይ ቀለም ተጽፎአል። ከሥሩ የሦስቱ ሸማኔዎች ስም፥ ለጥምቀት የታዘዘው ነጠላ ብዛትና ገና ያልተከፈለ የአንድ ደንበኛ ቀሪ ሒሳብ አለ።